ሻዩ ይቆይ

በየሰፈሩ የሰው ሳህን ውስጥ የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ርቦት ያያል፣ አንዳንዱ ቀንቶ ያያል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለወሬ እንዲመቸው ያያል። የእኛ ሰፈሩ ግን በግዳጅ ነው የሚያየው። የሚያዩት ማለቴ ነው። እሳቸውን አንቱ ሳልል ብቀር መንገድ ላይ አስቁመው ያርሙኛል። በዚያም አያበቃም፤ አንቱ ለማለት አቅም ያነሰኝ ምን ቢጎድለኝ እንደሆነ ቆመው ያስረዱኛል።

ሻለቃ ብረት ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ወደ ሕንጻችን አዲስ ተከራይ በገባ ቁጥር ይህን ስም ሰምቶ ይደነግጣል። ምሽግ ሰብረው፣ ታንክ ማርከው ያገኙት ቅጽል ይመስለዋል። ምድር ቤት የገባው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የጦር ሜዳ ታሪክ ሊሰማ ጓጉቶ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሻለቃም አላሳፈሩትም። ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ ለምን እንደሚገባ፣ ሎሚው በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ እንዴት እንደሚያግዝ፣ በአንጻሩ ደግሞ ሎሚ ያልቀመሰ ሻምበል ጦር ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን እስኪመሽ ተነተኑለት። ሰውየው ሲነሳ እግሩ ደንዝዞ ነበር።

"ማግኒዥየም ነው" አሉት።

ሻለቃ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት ስንቅ ክፍል ነው። ወታደር ምን በልቶ እንደሚሮጥ፣ ምን በልቶ ዒላማውን እንደሚመታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ሳይበላ ቀርቶ በጥበቃ ላይ እንደሚያንቀላፋ ማሰብ ነበር ሥራቸው። "ጠብመንጃውን የሚሸከመው ትከሻ ነው፤ ትከሻውን የሚሸከመው ደም ነው" ይላሉ። ደሙንስ ማን ይሸከመዋል ያላቸው ሰው ካለ፣ ለሰላምታ እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው "ስንቅ ክፍል!" ይላሉ።

ከእኔ ጋር የተዋወቅነው ወደዚህ ሕንጻ በገባንበት ቀን ነው። ቁም ሳጥን በጀርባዬ አዝዬ ደረጃውን ስወጣ መሐል ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እንኳን ደህና መጣህ ሊሉኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን ዘርግተው የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረጉትና ውስጡን አዩ።

"ነጥቷል" አሉ።

"ጌታዬ፣ ቁም ሳጥን ተሸክሜያለሁ።"

"እሱንማ አየሁ። ቁም ሳጥኑን የሚሸከም ደም ነው ያጣሁብህ።"

ይህን ብለው መንገዱን ለቀቁልኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ወንበር ይዛ በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ ተራው የእሷ ዓይን ሲሆን ነው ሳቋን የዋጠችው።

ከዚያ ወዲህ የሕንጻው ሰው ሁሉ ጉድለቱ ተለይቶ ተነግሮታል። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ የአንዱን ደንበኛ ጢም በአንድ ወገን ላጭቶ በሌላው ወገን የረሳው ጊዜ፣ እኛ ወሬ ስለሚያበዛ ነው ስንል ሻለቃ "ዚንክ" አሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ የባቷ ጡንቻ እየጨመደዳት ስትጮህ የታዘዘላት ያው ማግኒዥየም ነው። እኔ ደግሞ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ለብቻዬ የተመደበልኝ አለ። ጋዜጣውን በብብታቸው ሸጉጠው በሬን ያንኳኳሉ።

"የዛሬውን ጽሑፍህን አነበብኩት።"

"እንዴት አገኙት?"

"አዮዲን ያንሰዋል።"

አንድ ቀን ብስጭት ብዬ "መጀመሪያው ነው መጨረሻው?" ብላቸው "መሐሉ ላይ ዞሮብሃል" አሉኝ። ገብቼ ሳነበው መሐሉ ላይ እውነትም ዞሮብኛል።

ሐዘን ቤት እንኳ አይምሩም። የፀጉር አስተካካዩ እናት ያረፉ ጊዜ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠናል። ሻለቃ ተነስተው ወደ ሐዘንተኛው ሄዱና ትከሻውን አቀፉት። የሚያጽናና ቃል ሊናገሩ ነው ብለን ጸጥ አልን። "ልጄ፣ ከትናንት ጀምረህ ስታለቅስ ነው የቆየኸው። እንባ ደግሞ ጨው ነው። የወጣው መተካት አለበት" ብለው ጨው ጣል ያለበት ሾርባ በሁለት እጁ አስያዙት። ሰውየው እየተንሰቀሰቀ ጠጣው። ከዚያ ሾርባ በኋላ ነው ቀና ብዬ ሰው ማነጋገር የቻልኩት ብሎ ለባለቤቴ ነግሯታል፤ ሻለቃ ሰምተው ደግሞ እንዳይኮሩብን በሹክሹክታ ነው የነገራት።

ይህ ሁሉ ግን ከሻዩ ጦርነት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። የሻለቃ ሃይማኖት እንዲህ ይላል፦ ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ገና ሳህን ሳይነሳ ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዘዋል፤ ወደ ደም እንዲያልፍ በቀላሉ አይለቀውም። ሻይ አትጠጡ አይሉም፤ ለእሳቸውም ሻይ ነፍሳቸው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ታገሱ ነው የሚሉት። ይህንንም በሁለት ቃል አሳጥረው "ሻዩ ይቆይ!" ይላሉ። በሰልፍ ፊት እንደሚጮህ ትእዛዝ ስለሚያወጡት፣ ያልለመደ ሰው ብርጭቆው ከእጁ ሊያመልጥ ይደርሳል።

የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው የሻይ ቤት ባለቤት የዚህ ትእዛዝ ዋና ተጎጂ ነው። በምሳ ሰዓት ሻለቃ በር ላይ ብቅ ሲሉ ፊቱ ይቀያየራል። እሳቸው በጠረጴዛዎቹ መሐል ይዘዋወራሉ። ሳህኑ ያልተነሳለት ሰው ፊት ሻይ ካዩ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ወደ ጠርዙ ገፋ ያደርጉታል።

"ኧረ ሻለቃ፣ በፈጠረዎት! እኔ እኮ የምሸጠው ሻይ ነው" አላቸው አንድ ቀን።

"መቼ ከለከልኩህ? ይቆይ ነው ያልኩት።"

"ሲቆይማ ሰውየው ይሄዳላ!"

"ደም ካለው ተመልሶ ይመጣል።"

እኔ በበኩሌ እልኸኛ ነኝ። የሻለቃ መስኮት በሕንጻው ግቢ ማዶ ከእኛ ማዕድ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ምሳዬን እየበላሁ የሻይ ብርጭቆዬን ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። እሳቸውም ከወዲያ ማዶ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው የታችኛውን ቆብ ሳብ ያደርጋሉ። ዓመታት እንዲህ ስንጠቃቀስ ኖርን። ልጃችንም በዚህ እየሳቀች ነው ያደገችው። በእኛ ቤት ያ ቃል ቀልድ እንጂ ምክር ሆኖ አያውቅም። የቤት ሥራሽን ጨረስሽ ወይ ስንላት "ሻዩ ይቆይ!" ብላ ትሮጣለች፤ ተኚ ስንላትም ያው ነው።

ስለ ሻለቃ ስናገር አንድ ነገር ካልጨመርኩ ያዳላሁ ይመስለኛል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማዕድ ቤታቸው ውስጥ ድስቶቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ የጨው ጠርሙሱ ክዳኑ ጠብቆ ከምድጃው ርቆ ይቀመጣል፤ ጨው የሚጨመረውም ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፣ አዮዲኑ በእሳት እንዳይጠፋ። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። "ለአንድ ሰው ማብሰል አልተማርኩም" ይላሉ። ስለዚህ ሕንጻው ውስጥ የታመመ፣ የወለደች፣ ሥራ ያጣ ሲኖር ማታ በሩ ላይ በክዳን የተከደነ ሳህን ያገኛል። ምስር ነው፤ ከጎኑ ግማሽ ሎሚ።

ልጃችን ወታደር እሆናለሁ ያለችው ገና ተማሪ ሳለች ነው። ያውም የመገናኛ ወታደር፤ ሬዲዮ ተሸክማ የምትሄድ። እኔና እናቷ የልጅነት ምኞት ሆኖ ያልፍላታል ብለን ጠበቅን፤ አላለፈላትም። ስትሄድ ሻለቃ በር ድረስ ሸኟት። ጉንጯን ስመው "ጉልበት ብቻ እንዳይመስልሽ የኔ ልጅ። ቁጥር የሚያዳምጥ ጭንቅላት ከሚሮጥ እግር ያነሰ አይበላም" አሏት። እሷም "እሺ አባባ፣ ሻዩ ይቆያል" ብላ አቅፋቸው ሄደች። ሁላችንም ሳቅን።

ከወራት በኋላ ለአጭር ፈቃድ መጣች። ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን ሰማሁት። ድሮ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች የምትወጣ ልጅ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ኮቴዋ ቆመ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣችም። ወርጄ ባይ ልብስ ሰፊዋ በር አጠገብ ሻንጣዋን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"ምነው እናቴ?"

"ምንም። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው፣ አባዬ።"

ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የወጣው። በረጅሙ ጉዞ፣ ያ ሸክም ተሸክመው ዳገት በሚወጡበት፣ ቁልቁለት በሚወርዱበት፣ ከጓዶቿ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። መጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላ ብዙ። ይባስ ብሎ በሬዲዮ ትምህርት ላይ እንደ ስሟ የምታውቃቸው ቁጥሮች እየጠፉባት መጡ፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ሐሳቧ ይበተናል። የማሠልጠኛው ክሊኒክ ደሟን መርምሮ ዝቅ ብሏል አለና የብረት ኪኒን አዘዘላት። አንድም ቀን ሳታጓድል ወሰደች። ምንም ለውጥ የለም። አሠልጣኟ በሰልፉ ፊት "ኪኒኑን እየዋጥሽ ካልተሻለሽ የጎደለሽ ደም አይደለም፣ ልብ ነው" አላት። ከፈቃድ ስትመለስ አንድ ዕድል ነው የቀራት። በረጅሙ ጉዞ እንደገና ወደ ኋላ ከቀረች ልብሱን አስረክባ ወደ ቤቷ ናት።

ይህን ሁሉ የምትነግረን ከማቀዝቀዣው በረዶ እያወጣች በጥርሷ እያደቀቀች ነው። ሙቀቱ ነው ብለን ዝም አልናት።

"ምናልባት እውነቱን ነው" አለች በመጨረሻ። "ምናልባት ፈሪ ነኝ። ሰውነቴ ፈርቶ እኔ ያላወቅኩት።"

ልጄ ደክማ መምጣቷ አይደለም የከፋኝ፤ የሰው ቃል ገብቶባት ራሷን መጠርጠሯ ነው። እናቷ "አትበይ!" ብላ ጮኸችባት፣ ከዚያ አብረው አለቀሱ።

በማግስቱ ሻለቃ ለምሳ መጡ። ባለቤቴ ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔ አውራ ጣታቸውን እየጠበቅኩ ነበር። አሁን ብድግ ብለው ዓይኗን ይገልጣሉ፣ "ነጥቷል" ይላሉ፣ ከዚያ ስብከቱ ይጀመራል ብዬ። ሻለቃ ግን አልነኳትም። ፊት ለፊቷ ተቀምጠው በረዶው በጥርሷ መሐል ሲሰበር ያዳምጣሉ።

"በረዶ መብላት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እዚያ ከገባሁ በኋላ ይመስለኛል። ለምን አባባ?"

መልስ አልሰጧትም። ባለቤቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሻለቃ ተጠይቀው ዝም ሲሉ ሁለታችንም አይተን አናውቅም።

"ኪኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?"

"በሻይ ነዋ። የሚያድሉን ቁርስ ላይ ነው። ነርሷ በሰልፉ እየዞረች ለታዘዘልን ሁሉ አንዳንድ ኪኒን እጃችን ላይ ታስቀምጣለች፣ እዚያው ፊቷ መዋጥ አለብን። አለበለዚያማ ግማሹ ሰው ይጥለዋል። እጃችን ላይ ያለው ደግሞ የሻይ ጣሳው ነው፣ ወተት የገባበት..." አለችና ቃሏ መሐል ላይ ቆመ። ሻለቃን አየቻቸው። ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእኔን ብርጭቆ አየች። "አባባ... እኔ እኮ አስቤውም አላውቅ። የእርስዎ ጨዋታ ነው ብዬ..."

እንግዲህ መድፉ ሊተኮስ ነው አልኩ። ሰውየው ይህቺን ደቂቃ ዓመታት ሙሉ ጠብቀዋታል። ሻይ ቤቱ ስቆባቸዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ አስቆባቸዋል፣ እኔ በየቀኑ ብርጭቆ አንስቼባቸዋለሁ። አሁን ቢፎክሩ ማንም አፍ የለውም።

ሻለቃ እጃቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛውን ያያሉ።

"ላይሆንም ይችላል" አሉ ቀስ ብለው። "ብቻውን ላይሆን ይችላል። ደም የሚያንስበት ምክንያት ብዙ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ዛሬ ከተቻለ ዛሬ።"

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሻለቃ አፍ ይህን ይናገራል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር። ያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት።

ስሸኛቸው ደረጃው ላይ ቆሙና የእጅ መደገፊያውን ያዙ።

"ወጣት ሳለሁ አንድ የጥበቃ ወታደር ነበረን" አሉኝ። "ከመንደር የመጣ፣ ጨዋ። አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ጠፋበት። ሌላ ቀን ቆሞ እንቅልፍ ጣለው። አለቃው በሰልፍ ፊት ቀበቶውን ፈትቶ 'ሰነፍ' ብሎ አባረረው። የዚያን ልጅ ሳህን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ይበላ ነበር እኮ! ሆዱ ሙሉ ነው። ደሙ ነው የተራበው። ይህን እኔም አላወቅኩም፣ አለቃውም አላወቀም፤ ልጁም ሰነፍ ነኝ ብሎ አምኖ ነው የሄደው። ወዴት እንደገባ አላውቅም።" አንድ ደረጃ ወረዱ። "ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ፣ ማንበብ የጀመርኩት። አንተ እብደት ነው ትላለህ።"

"እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም" አልኳቸው።

"በጽሑፍህ ብለሃል" አሉኝና ወረዱ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ የማትቸኩል። የልጄን ደም አስመረመረች፣ ሌላ ሕመም እንዳይኖር ብዙ ጠየቀች፣ ብዙ አየች። ሌላ ነገር አላገኘችም። ደሟ ግን ከማሠልጠኛው ውጤት ብዙም አልተነቃነቀም። "ብዙ ትሮጫለሽ፣ ብዙ ያልብሻል፣ በየወሩም ደም ይፈስሻል፤ ከሌላው ሰው የበለጠ ያስፈልግሻል" አለቻት። ወተትም ሻይም ከኪኒኑ ጋር እንዳይገናኙ፣ በውሃ እንድትውጠው፣ ብርቱካን ካገኘች እሱን እንድትጨምርበት ነገረቻት። ስለ በረዶውም ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ብረት ያነሰው ሰው እንዲህ ያምረዋል አለች። ልጄ "በፈቃዴ ውስጥ ይሻለኛል?" ብትላት ግን "የለም፤ ወራት ይፈልጋል። ደም በትእዛዝ አይሞላም" አለቻት።

ልጄ ወጥታ መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያለችው "ስለዚህ ፈሪ አይደለሁም" ነው። እናቷ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

ወደ ማሠልጠኛው ስንመልሳት ሻለቃም አብረን እንሂድ አሉ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ተኩሰው መጡ። በሩ ላይ ረጅም ጊዜ ካስጠበቁን በኋላ ነርሷ ወጣች፤ እሷም ልጅ ናት፣ እጅጌዋን እንደጠቀለለች ከሥራ ነው የመጣችው። የሐኪሟን ማስረጃ አየች። ሻለቃ ትምህርት ሊሰጧት ነው ብዬ ክንዳቸውን ልይዝ ሳስብ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ፊትሽ እንዲውጡት ማድረግሽ ትክክል ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ግን ከእራት በፊት እጃቸውን ሊታጠቡ ቧንቧው ጋ ሲሰለፉ ብታድያቸውስ? እዚያ ያለው ውሃ ብቻ ነው።"

"ሐኪም ነዎት አባባ?"

"አይደለሁም። ስንቅ ክፍል ነበርኩ።"

ነርሷ አሰበች። "የእኛን ዶክተር ሳልጠይቅ አልቀይርም" አለች።

"ጎበዝ" አሉ ሻለቃ። "ጠይቂው።"

ዶክተሩ ተስማማ። ልጄን በተመለከተ ግን በዚያ ዙር እንድትመረቅ አልፈቀዱም። አላባረሯትም፤ ከተከታዩ ዙር ጋር እንደገና ትጀምር አሉ። ጓዶቿ ሲመረቁ እሷ ከአዳዲሶቹ ጋር ቆማ አጨበጨበች። ደውላ እንደዚያ ስትናደድ ሰምቻት አላውቅም። ለሻለቃ ስነግራቸው ፊታቸው ትንሽ በራ። "ንዴት ጥሩ ነው" አሉ። "ደም የሌለው ሰው አይናደድም።"

ከዚያ በኋላ ግን ሻለቃ ዝም አሉ። በሰፈራችን እንግዳ ነገር ሆነ። የሰው ዓይን መግለጥ ተዉ። ሻይ ቤት ገብተው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ቀን የሻይ ቤቱ ባለቤት ሽርጡን እንዳደረገ ቤቴ ድረስ መጣ።

"ሻለቃ አመማቸው እንዴ?" አለኝ።

"ለምን?"

"ዛሬ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ምሳውን በሻይ ሲያወርድ እያዩ ዝም አሉ እኮ! ሰውም ግራ ገባው። አንዱማ ራሱ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው፣ እሳቸው ግን አላዩትም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ደስ አላለውም። ሄደህ አናግራቸው እንጂ።"

ሄድኩ። ማዕድ ቤታቸው ውስጥ ምስር ይለቅማሉ። ምን ሆነው ነው ብላቸው ቀና ሳይሉ "ተሳስቼ ቢሆንስ?" አሉ። "ከዚህ ሁሉ በኋላ ያቺ ልጅ እንደገና ወደ ኋላ ብትቀር፣ ምን እላታለሁ? ያን ጊዜ በውነት ልብ የለኝም ብላ ታምናለች።" ወንበር ስቤ አብሬያቸው ምስሩን መልቀም ያዝኩ።

ወራቱ እንዲህ አለፈ። ልጄ ስትደውል መጀመሪያ በረዶ እንዳላማራት ነገረችን። ኋላ ደግሞ ቁጥሮቹ እንደተመለሱላት። አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ከጀርባዋ የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማል። ረጅሙን ጉዞ ጨርሳለች። ቀዳሚ አልነበረችም፣ መሐል ላይ ነበርኩ አለችኝ፣ መሐል ማለት እንዲህ የሚጣፍጥ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር። በባዶ እግሬ ደረጃውን ወርጄ የሻለቃን በር ደበደብኩ። ከፈቱ። አፌን ሳልከፍት ፊቴን አይተው አወቁ፤ ግንባራቸውን የበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ቆዩ።

ከተመረቀች በኋላ መለዮዋን ለብሳ መጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የወጣችው። ለምሳ ተሰበሰብን፤ እኛ ሦስታችን፣ ሻለቃ፣ ሻይ ቤቱን ዘግቶ የመጣው ባለቤትም አለ። ምስሩን ያበሰሉት ሻለቃ ናቸው፣ ለሻለቃ ጦር የሚበቃ። እኔ እንደ ልማዴ የሻይ ብርጭቆዬን ከሳህኔ አጠገብ አስቀምጫለሁ። እልህ መሆኑ ቀርቷል፣ ልማድ ነው።

ልጄ ስለ ማሠልጠኛው ታወራለች። ኪኒኑ አሁንም ከእራት በፊት ቧንቧው ጋ ነው የሚታደለው። "አዳዲሶቹ ምልምሎች ደግሞ" አለች፣ "ገና ቁርስ ሳያልቅ ወደ ሻይ ጣሳው እጁን የሰደደ ሰው ካለ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ 'ሻዩ ይቆይ!' ይሉበታል። ማን እንደጀመረው እንኳ አያውቁም። አንዱን ብጠይቀው የድሮ ጄኔራል ትእዛዝ ነው አለኝ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሻይ ቤቱ ባለቤት "ማዕረግ ጨመሩልዎት!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

ሻለቃ አልሳቁም። ሳህናቸውን ያያሉ። የጎረሱትን መዋጥ አቃታቸው መሰለኝ፣ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ የሚይዘውን ፈለገና አገኘ። የእኔን ብርጭቆ ነው። አንስተው በምስሩ መሐል ሁለት ጊዜ ፉት አሉ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ባለቤቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። የሻይ ቤቱ ባለቤት አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እሳቸው ምን እንዳደረጉ አላወቁም፤ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸው በእንባ ርሷል።

ልጄ ከወንበሯ ተነሳች። ከልጅነቷ ጀምሮ አባባ እንጂ በማዕረጋቸው ጠርታቸው አታውቅም። ብርጭቆውን ከእጃቸው ቀስ ብላ ተቀበለችና በሁለት ጣት ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ተረከዟን አገጣጥማ ቆመች።

"ሻለቃ" አለች። "ሻዩ ይቆይ።"

ሻለቃ ቀና ብለው አዩዋት። መለዮዋን፣ ከንፈሯን፣ ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አዩ። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱና እሳቸውም ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ትእዛዝ ተቀብያለሁ" አሉ።

ያን ቀን ሻይ የጠጣነው ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ፣ ወሬው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አሁን ምሳዬን በልቼ ስጨርስ ወደ መስኮቱ እሄድና ባዶ እጄን ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። እሳቸውም ከወዲያ ማዶ የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ ሳብ ያደርጋሉ።